ወደ ጆንጁዎቹ የሄደው ሽምግልና

እህቴ ስልክ ስትደውል ሰላምታ ሳታዳርስ ወደ ነገሯ የማትገባ ሰው ናት። ያን ቀን ግን «ሽማግሌ ያስፈልገናል» ብላ ጀመረች። እኔ ኦስሎ ውስጥ አልናብሩ በሚባል ሠፈር፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቴ ላይ እንደተቀመጥኩ ምሳዬን እየበላሁ ነበር። ሰው የተጣላች መስሎኝ «ደግሞ ከማን ጋር ተጋጨሽ?» አልኳት።

«ከማንም አልተጋጨሁም፣ ጋሼ። ልጁ ሊያገባ ነው።»

ልጁ የምትለው አንድ ልጇን ነው። ኦስሎ ስንገባ በእቅፏ ነበር፤ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆኖ የሚሠራ፣ እኔን ቁልቁል እያየ የሚያወራኝ ጎረምሳ ነው። ልጅቷንም አውቃታለሁ። እዚሁ ያደገች ኮሪያዊት ናት። ሆልምሊያ ሠፈር እህቴ ቤት ስትመጣ ሳትጠየቅ ዕቃ ታጥባለች፤ በዚህም የእህቴን ልብ ገና ድሮ ወስዳዋለች። ስለዚህ በልጅቷ በኩል ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩ ወላጆቿ «ከቤተሰቡ ጋር እንተዋወቅ፤ ቅዳሜ ምሳ እኛ ዘንድ ኑ» ማለታቸው ነበር።

«ታዲያ ሄደሽ መብላት ነዋ» አልኳት።

«በባህላችን ወላጅ ሄዶ ሴት አይጠይቅም። የሚሄደው ሽማግሌ ነው።»

የእህቴ ባህል አክባሪነት ትንሽ አሳቀኝ። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው፤ ከኖርዌይ አሮጊቶች ጋር ሹራብ ስትሠራ ትውላለች። ፋሲካን እንኳ ያለ እኔ አስታዋሽነት አታውቀውም። ግን አልተከራከርኳትም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ባህል ያለችው መደበቂያዋን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የልጁ አባት ካርቱም ላይ ሥራ ልፈልግ ብሎ በጠዋት ከቤት እንደወጣ የቀረ ሰው ነው። ያኔ እህቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። በባሕር ሄዷል ያሏት አሉ፤ ታስሯል ያሏትም አሉ። ይሙት ይኑር እስከ ዛሬ አላወቀችም። ዘሩንም በደንብ አታውቀውም፤ በስደት የተገናኙ ሰዎች የአያት የቅድመ አያት አይጠያየቁም። ጋብቻ ሲመጣ ግን መጠየቁ አይቀርም። የማን ልጅ ነው? አባቱ ማን፣ አያቱ ማን? እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩ ይባላል። እህቴ እዚያ ምሳ ላይ ተቀምጣ፣ በሰው ፊት፣ «አላውቅም» ማለትን ነበር የምትፈራው። ይህንን ፍርሃት ልጁ አድጎ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ይዛው ኖራለች። እኔንም አስፈራችኝ፤ ለልጁ አባቱም አጎቱም እኔው ነበርኩና፣ በእኔ ቤት ጉድለት ልጅቷን ቢከለክሉት ፊቱን እንዴት አያለሁ?

ልጁን ጠርቼ «የት አገር ሰዎች ናቸው?» አልኩት።

«ኮሪያ ነዋ፣ አጎቴ።»

«ኮሪያማ አገር ሙሉ ነው። የኮሪያ የት?»

ስልኩን አውጥቶ ለልጅቷ ጻፈላት። ወዲያው መለሰችለት። «የጆንጁዎቹ ነን አለች» አለኝ፤ «ከተማ ናት መሰለኝ።»

በቃ፤ ሥራ አገኘሁ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ደብረ ማርቆስ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። መምህርነት ደግሞ እንደ ቆዳ ነው፣ አይወልቅም። ሽማግሌ ሲሄድ ባዶ አፉን አይሄድም፤ የልጅቷን ወገን አገርና ዘር አመስግኖ ነው ነገሩን የሚከፍተው። ከጎጃም ቢሆኑ ጎጃምን አመሰግናለሁ፣ ከወለጋ ቢሆኑ ወለጋን። እነዚህ ከጆንጁ ከሆኑ ጆንጁን ማጥናት ነው። በምሳ ሰዓት ፎርክሊፍቱ ላይ፣ ጠዋትና ማታ ባቡር ውስጥ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ጆንጁ በደቡብ ኮሪያ ደቡብ ምዕራብ፣ ተራራው አልቆ የሩዙ ሜዳ በሚጀምርበት ዳርቻ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳው እስከ ባሕር ይዘልቃል። ጥንት የአንድ ትንሽ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ ኋላም ለዘመናት የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና፣ አገረ ገዢው እዚያ ተቀምጦ ያን ሰፊ ሜዳ ሁሉ፣ ከባሕር ማዶ ያለች አንዲት ደሴት ሳትቀር፣ ያስተዳድር ነበር። ዛሬም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ እሷው ናት። በከተማዋ ቅጥር ዙሪያ አራት በሮች ነበሩ፤ ሦስቱ ፈርሰው የደቡቡ ብቻ ቀርቷል፣ መኪና ይዞረዋል። ከበሩ ወዲያ የድሮ ሠፈር አለ። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፤ ጣሪያቸው ግራጫ ሸክላ ነው፣ ጠርዙ ወደ ላይ ቀና ያለ። ወለሉ ከሥር በእሳት ይሞቃል። ይህንን ሳነብ የኖርዌይን ክረምት አስቤ ቀናሁ።

ሌላም አገኘሁ። ከዛፍ ቅርፊት ወረቀት ይሠራሉ፣ መቶ ዓመት ቢቀመጥ የማይበጣጠስ። በሩዝ ላይ የጎመን ዓይነት ሁሉ ደርድረው፣ ዕንቁላል ጥለውበት፣ በአንድ ሳህን አማስለው የሚበሉት ምግብ ስሙ ከእሷ ጋር ይጠራል። አንድ ዘፋኝ ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር ብቻ ሆኖ ረጅም ታሪክ እያዜመ ሲተርክ ይውላል፤ እኛ ዘንድ ቢሆን አዝማሪ ያሰኘዋል። ክርስቲያኖች በሃይማኖታቸው የተገደሉበት ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፤ ለመሠረቱም ከፈረሰው የከተማው ቅጥር ድንጋይ ገብቶበታል። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ግን የመጻሕፍቱን ነገር ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በተለያየ ከተማ ተገልብጦ ይቀመጥ ነበር። ጦርነት መጣና የሌላው ቦታ ሁሉ ተቃጠለ። የጆንጁን ግን ሰዎች ተሸክመው ተራራ ላይ ወጡና ደበቁት፤ እሱ ብቻ ተረፈ። ይህንን ሳነብ የጣና ገዳማት መነኮሳት ትዝ አሉኝና ሰዎቹን ሳላያቸው ዘመድ አደረግኋቸው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ማንበብ የሌለብኝን አነበብኩ። ኮሪያን ለዘመናት የገዙት ነገሥታት ዘራቸው የሚመዘዘው ከጆንጁ ነው። የመጀመሪያው ንጉሥ ሥዕል በክብር የተቀመጠበት አዳራሽ ዛሬም እዚያው አለ። የልጅቷን የቤተሰብ ስም አየሁት፤ የነገሥታቱ ስም ነው። ሰዎቹም የዘር ሐረጋቸውን ከሠላሳ ትውልድ በላይ እየቆጠሩ ይይዛሉ ይላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። እኛ ከአባት ማለፍ አቅቶን፣ እነሱ ከንጉሥ ይጀምራሉ።

አርፌ ዝም ማለት ሲገባኝ ለእህቴ ነገርኳት።

«ታዲያ ብንተወውስ?» አለች።

«ምኑን ነው የምንተወው? ልጁ ይወዳታል እኮ!»

«ስለ አባቱ ሲጠይቁህስ?»

ለሽምግልናው የሚሄዱልን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ነገር የማይከብዳቸው አዛውንት ናቸው። «ሞቷል እንበላ፤ ለሙት ሰው ጥያቄ አይበዛም» አሉ።

እህቴ ቀና አለች። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መሞቱን ሳላውቅ ለቅሶ አልቀመጥኩም። እናንተም እንዳትቀብሩብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ ማንም አልተናገረም። ማለትም፣ ቅዳሜ የሄድነው መልስ ሳይኖረን ነው።

በሆልምሊያው ባቡር ሦስት ሆነን ተሳፈርን፤ እኔ፣ አዛውንቱና ከጉባኤያችን አንድ ወጣት ሐኪም። ሐኪሙ የመጣው ኖርዌጅኛው ጥርት ያለ ስለሆነ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን «ዶክተር» ብለን ስናስተዋውቀው ትንሽ እንዲያስከብረን አስበን ነበር። እህቴ «እኔ ቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ» ብላ ቀርታለች፤ ልጁንም ሽማግሌ ሲሄድ አብሮ አይሄድም ብለን አስቀርተነዋል። ሾየን የሚባለው የነሱ ሠፈር ጣቢያ ወርደን ዳገቱን ወጣን። አዛውንቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላቸውን ደርበዋል፤ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ኖርዌጃውያን ቆም እያሉ ያዩናል። እኔ በልቤ የጆንጁን አራት በሮች እየቆጠርኩ ላብ ላብ ይለኝ ነበር።

በሩን አባትየው ከፈቱ። ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው ሽበት የጀመረው የመርከብ መሐንዲስ ናቸው። ጎንበስ ብለው ሰላም አሉን። እኛም ጎንበስ አልን። በዚህ በኩል ተስማማን፤ ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ግን ግራ ገብቶን ትንሽ ቆየን። ጫማ አወለቅን። እናትየው ከኋላችን ወደ ደረጃው አዩ፣ የቀረ ሰው እንዳለ ሁሉ። በሩ ሲዘጋ ባላቸውን አየት አደረጉ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

ጠረጴዛው በምግብ ተሞልቷል። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ተባልን። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይፈጸምልን አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም» አሉ። ሐኪሙ ቃል በቃል ተረጎመው። አገራችን ላይ ይህ ክብር ነው፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን ሦስት ጥቁር ሰዎች ግድግዳ ተጠግተው አንቀመጥም ሲሉ ጠብ ይመስላል። እናትየው ወንበሩ የሚቆረቁረን መስሏቸው ትራስ ሊያመጡ ሮጡ። ልጅቷ ሳቋን አፍና «ፓፓ፣ እሺ እስክትል አይቀመጡም፤ ባህላቸው ነው» አለቻቸው።

«ለምኑ ነው እሺ የምለው?»

«ለእኔ!»

«እምቢ ብልስ?»

«ቆመው ይውላሉ።»

አባትየው ሾርባውን አዩ፤ እኛን አዩ። ይኼኔ አዛውንቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ተራዬ መድረሱ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጀመርኩ። ከቦታ አቀማመጡ ተነሣሁ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው። ሜዳውን፣ ተራራውን፣ አገረ ገዢውን፣ የቀረውን አንድ በር፣ ግራጫውን ጣሪያ፣ ወረቀቱን፣ ከበሮውን። ከዚያም ዜና መዋዕሉን አስከተልኩ። «እንዲህ ካለ አገር የወጣ ሰው ልጅ ስንጠይቅ ክብራችን መሆኑን እናውቃለን» ብዬ ጨረስኩ። በኖርዌጅኛ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከዚያ በፊትም በኋላም አድርጌ አላውቅም።

እናትየው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አባትየው በጥሞና ሲሰሙኝ ቆይተው፣ «ጆንጁ ብዙ ጊዜ ኖረዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እኔ? ኧረ አላየኋትም!»

«ይገርማል» አሉ። «እኔም ተማሪ ሆኜ አንድ ጊዜ ነው የሄድኩት። ቀኑን ሙሉ ዘነበና ሻይ ቤት ውስጥ ዋልን።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ከዚህ በላይ መቻል አቅቷት በሳቅ ፈነዳች፤ እናትየው ተከተሏት። ሐኪማችንም፣ ያስከብረናል ያልነው፣ ከሁሉም በላይ ሳቀ። አዛውንቱ ብቻ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው፣ ሥራዬ የሠመረ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉ።

አባትየው ግን አልሳቁብኝም። በእርጋታ አስረዱኝ። እነሱ ዘንድ ማንም ሰው ከቤተሰብ ስሙ ጋር የጥንት አባቱን አገር ይጠራል። «የጆንጁዎቹ ነን» ማለት የመጀመሪያው አባታችን ከዚያ ነበር ማለት እንጂ፣ እዚያ ተወልደን አደግን ማለት አይደለም። እሳቸው የተወለዱት በወደብ ከተማ፣ ቡሳን ነው።

«የጥንት አባታችን ማለቴም እንጃ» አሉ ቀጥለው። «አያቴ በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን ሸሽተው የመጡ ሰው ነበሩ፣ አባቴን በጀርባቸው አዝለው። ከሳቸው በፊት የነበረውን የሚነግረን ሰው የለም። ድሮ ስመ ጥር ዘር ያልነበረው ሰው ደኅና ያለውን መርጦ ይወስድ ነበር ይባላል። ከመረጡ አይቀር የንጉሡን መምረጥ ነው!» አሁን ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ፤ ከልቤ አልነበረም። የሳቃቸው መጨረሻ ጥያቄው እንደሆነ ታውቆኛል። ደግሞም መጣ።

«የልጁ አባትስ? አብረዋችሁ የሉም?»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። አዛውንቱ ነገሩ በድምፁ ገባቸውና ዓይናቸውን ከደኑ፤ እየጸለዩ ይሁን እየሸሹ እንጃ። እኔ እውነቱን ተናገርኩ። ሌላ የምናገረው አልነበረኝም። ጠዋት ወጥቶ የቀረ መሆኑን፣ ይሙት ይኑር አለማወቃችንን፣ ከአባቱ ስም በላይ ስለ ዘሩ አንድም ነገር እንደማንቆጥር ነገርኳቸው። መቆማችንን ያኔ ነው ያማረርኩት።

አባትየው ለሚስታቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሴት አያቴ ሰሜን ቀሩ» አሉ። «ድንበሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማንም። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ሌላ ሴት አላገቡም፤ ሰው ሁሉ የሙት ዓመቷን አውጣላት ሲላቸው፣ መሞቷን ማን ነገራችሁ ይሉ ነበር።»

የእህቴን ቃል ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁት። አንጀቴ ራሰ። እንባዬ መጣ። አላፈርኩም። ለአዛውንቱ የተባለውን ሹክ ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

በዚህ አልቆ ቢሆን መልካም ነበር። እናትየው ግን ከመጣን ጀምሮ ሲያብሰለስሉት የቆዩትን ተናገሩ። «እናቱስ? ለምን ቀሩ? ልጄን አልወደዷትም?» ፊታቸው ተለዋውጧል። ምግቡን ሁሉ ለሳቸው ብለው ሲሠሩ ነበር ያደሩት። በእነሱ ባህል ወላጅ ራሱ መጥቶ ካልታየ፣ ነገሩን አልፈለገውም ማለት ነው። እኛ ወላጅ ላለመላክ ሦስት ሰው ስንሰበስብ፣ እነሱ አንድ ሰው ሲጠብቁ ነበር።

«ኧረ እንደ ነፍሷ ነው የምትወዳት! ፈርታ ነው የቀረችው» አልኩ፤ ስልኬንም አወጣሁ። ገና ሳይጠራ አነሣችው።

«ምን አሉ?»

«ነይ አሉ። ከሆልምሊያ በሚቀጥለው ባቡር…»

«ሾየን ነኝ» አለችኝ። «ጣቢያው ላይ ተቀምጫለሁ። ከናንተ ቀጥሎ ባለው መጣሁ። ቤት መቀመጥ አቃተኝ፣ ጋሼ።»

ለእናትየው ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠበቁም፤ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ፣ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ዳገቱን ቁልቁል ወረዱ። ልጅቷ ካፖርት ይዛ ተከተለቻቸው። እኛ በመስኮት እናያለን። ሲመለሱ ሁለቱ እናቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነበር፣ ምንም ሳይነጋገሩ።

እህቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳለች። በሩ ላይ ስትደርስ ሰላምታ አላቀረበችም፣ ጫማም አላወለቀችም። መግቢያው ላይ ቆማ፣ መንገድ ላይ ሁሉ ስትለማመደው የመጣችውን በኖርዌጅኛ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው፤ «የልጄ አባት የት እንዳለ አላውቅም። ቤተሰቡንም አላውቅም። ይህንን ሳታውቁ እንድትስማሙ አልፈልግም።»

ይህንን ነገር ጮክ ብላ ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

አባትየው ጎንበስ አሉላት። «ወንድምዎ ነግረውናል» አሉ፤ «እሺ ብለናል። ይግቡና ይብሉ፤ እነዚህ ሰዎች እርስዎ ካልተቀመጡ የሚቀመጡ አይመስለኝም።»

እህቴ እኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ጫማዋን ለማውለቅ መስሎኝ ነበር፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። እናትየው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና ማሠሪያውን ፈቱላት።